ጀልባን ከካያክ ላይ ፎቶ ማንሣት፤ ከላሙ እስከ ዛንዚባር

ካያክ ጠባብና ቀላል የመቅዘፊያ ጀልባ ነው። ቀዛፊው እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ከውኃው ወለል ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ በሁለቱም ጫፍ ምላስ ባለው መቅዘፊያ ግራና ቀኝ እየመታ ይጓዛል። ሞተር ስለሌለው አይጮኽም፤ ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ውኃ ላይም ይሄዳል። በእነዚህ ጠባዮቹ የተነሣ በባሕር ጠረፍ የሚሠሩ ጀልባዎችን ፎቶ ለሚያነሣ ሰው ከመርከብ ወለልም ከወደብ ግንብም የተሻለ መቆሚያ ይሆናል። ዓሣ አጥማጁ መረቡን ከሚስብበት ከፍታ ሆኖ ዓሣ አጥማጁን ማየት የሚቻለው ከካያክ ነው።

ለዚህ ሥራ ከኬንያዎቹ የላሙ ደሴቶች ተነሥቶ እስከ ታንዛኒያዋ ዛንዚባር የሚዘልቀው የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ እጅግ የተመቸ ነው። የእንጨት ጀልባዎች ሸራቸውን ነፍተው ጭነት ሲያመላልሱ፣ ዓሣ ሲያጠምዱ፣ በየመንደሩ ዳርቻ ሲሠሩና ሲጠገኑ ዛሬም ይታያሉ። የዛንዚባር ስቶን ታውን እ.ኤ.አ. በ2000፣ የላሙ ጥንታዊ ከተማ ደግሞ በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። ጠረፉ ለኢትዮጵያዊ አንባቢም ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ዓመት በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የመርከበኞች መምሪያ የአክሱም መንግሥት ወደብ የነበረችውን አዱሊስን ይገልጻል፤ ከዚያ የአፍሪካን ጠረፍ ይዞ ወደ ደቡብ ሲወርድ ሳንቃዎቻቸው በገመድ የተሰፉ ጀልባዎችንና ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉ ታንኳዎችን ይጠቅሳል። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው ታንኳ አሁንም በዚያው ጠረፍ ላይ አለ። የተሰፋው ጀልባ ግን ጠፍቷል፤ የመጥፋቱ ታሪክ ደግሞ ጀልባን ፎቶ ማንሣት ምን ዋጋ እንዳለው ከማንኛውም ማስረጃ በላይ ያሳያል።

ምቴፔ ይባል ነበር። በላሙ ደሴቶችና በአካባቢው የሚሠራ፣ አንድም የብረት ምስማር የሌለበት የጭነት ጀልባ ነው። ሳንቃዎቹ ዳር ለዳር እየተበሱ ከኮኮናት ፍሬ ልባስ በተፈተለ ገመድ ይሰፋሉ፤ ሸራው ከዘንባባ ቅጠል የተጠለፈ አራት ማዕዘን ምንጣፍ ነው፤ ወደ ፊት የተመዘዘው አፍንጫው የግመል አንገት ይመስላል። ምስማር በርካሽ ሲገኝ፣ የሰፊዎቹ ልጆችም ሌላ ሥራ ሲይዙ፣ በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ውስጥ ምቴፔ ከባሕሩ ላይ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2003 በዛንዚባር ቤት አል-አጃኢብ በተባለው ሙዚየም እንደገና ይሠራ ሲባል፣ ለሠሪዎቹ መነሻ የሆኑት እስከ ዘመናችን የተረፉ ትንንሽ ሞዴሎች፣ ተጓዦች የጻፏቸው መግለጫዎችና ጥቂት አሮጌ ፎቶግራፎች ነበሩ። ፎቶግራፎቹን ያነሡት ሰዎች አንድ ቀን አናጢ እንደሚመረምራቸው ማሰባቸው ያጠራጥራል። ሕንፃውም ቢሆን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 በከፊል ፈርሷል።

ከዚህ የሚነሣው መመዘኛ ቀላል ነው፤ ጥሩ የጀልባ ፎቶግራፍ ማለት ጀልባው እንዴት እንደተሠራና እንዴት እንደሚሠራ ከምስሉ ላይ ማንበብ የሚቻልበት ነው። በዚህ መመዘኛ ከተሄደ፣ ጎብኚ ሁሉ ይዞት የሚመለሰው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚነሣው የጥቁር ሸራ ጥላ ከሁሉም ደካማው ምስል ነው። የሳንቃው መጋጠሚያ፣ የመሪው አያያዝ፣ የሸራው ስፌት፣ የሰዎቹ እጅ፣ ሁሉም በጥቁሩ ውስጥ ይቀራሉ። ለግድግዳ ይበቃል፤ ለዕውቀት አይበቃም።

የባሕር ላይ ፎቶግራፍ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ከትንሽ ጀልባ ጋር የተያያዘ ነው። በእንግሊዝ አገር በዋይት ደሴት ላይ ባለችው በካውስ ከተማ ይኖር የነበረው ፍራንክ ቤከን በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የመርከብ እሽቅድምድሞችን የሚያነሣው በትንሽ ጀልባ ወደ መካከላቸው እየገባ ነበር። በሚናወጥ ጀልባ ላይ ሁለቱም እጅ ካሜራውን ደግፎ ለመያዝ ስለሚያስፈልግ፣ መዝጊያው የጎማ ኳስ በጥርስ ሲነከስ እንዲከፈት አድርጎ ለራሱ የሚስማማ የሳጥን ካሜራ ሠራ። ቤከን የፈታው ችግር የካያክ ቀዛፊው ችግር ጭምር ነው፤ ሚዛን ለመጠበቅ፣ ለመቅዘፍና ለማንሣት ያለው ሁለት እጅ ብቻ ነው።

ለምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ከሁሉ የላቀው አርኣያ ግን አውስትራሊያዊው አለን ቪልየርስ ነው። ቪልየርስ ራሱ መርከበኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 መጨረሻ ከኤደን ተነሥቶ፣ ናኾዳው፣ ማለትም ካፒቴኑ፣ ዓሊ ቢን ናስር አል-ነጅዲ በሚያዛት ባያን በተባለች የኩዌት የሸራ መርከብ ተሳፈረ፤ በሐድረመውትና በሶማሊያ ጠረፍ በኩል ወርደው ላሙን፣ ሞምባሳንና ዛንዚባርን አዳርሰው፣ ከሩፊጂ ወንዝ አፍ የማንግሮቭ እንጨት ጭነው በ1939 ወደ ኩዌት ተመለሱ። ቪልየርስ እ.ኤ.አ. በ1940 የሲንባድ ልጆች የሚል ትርጉም ባለው ርእስ መጽሐፉን አሳተመ፤ ፎቶግራፎቹም በለንደን ግሪንዊች ባለው ብሔራዊ የባሕር ሙዚየም ይገኛሉ። መርከበኞቹ የሸራውን እንጨት ለማንሣት ገመድ ሲስቡ፣ ሸራ ሲሰፉ፣ የመርከቢቱን ሆድ ሲፍቁ ይታያሉ። ምስሎቹ እስካሁን የሚጠቅሙት ቪልየርስ ሥራውን ስለሚያውቅ ነው፤ አንድ ገመድ ለምን እንደሚሳብ የሚያውቅ ሰው መቼ ማንሣት እንዳለበትም ያውቃል።

ስለዚህ ካያኩን ውኃ ላይ ከማውረድ በፊት ጀልባዎቹን መለየት ይቀድማል። ብዙ ሰው በሸራ ሊለያቸው ይሞክራል፤ ሸራቸው ግን ከሞላ ጎደል ያው ነው፤ በረዥም ሰያፍ እንጨት ላይ የተንጠለጠለ፣ ሦስት ማዕዘን የሚመስል ሸራ። ባሕረኞቹ ራሳቸው የሚለዩት በአካል ቅርጽ ነው። በቀይ ባሕር በምጽዋ በኩል የሚታወቀው ሳምቡክና የስዋሂሊ ሰዎች ጃሃዚ ኋላቸው በሰፊ ሳንቃ የተቆረጠ ነው። ቪልየርስ የተሳፈረባት ባያን ዓይነቷ ቡም የሚባለው ሲሆን፣ ቡም ፊቱም ኋላውም ሹል ነው። ጃሃዚም ቢሆን እንደ አገሩ ይለያያል፤ የላሙው አፍንጫ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ የዛንዚባሩ ወደ ፊት ዘመም ይላል። በላሙ ጃሃዚዎች ፊት ላይ ግራና ቀኝ የተለጠፉ ክብ ጌጦች አሉ፤ የጀልባው ዐይኖች ናቸው። ማሹዋ የጃሃዚ ታናሽ ነው፤ ዓሣ ለማጥመድና ቀላል ጭነት ለማመላለስ ይውላል።

ንጋላዋ ሌላ ዘር ነው። አካሉ ብዙውን ጊዜ ከማንጎ ግንድ ይፈለፈላል፤ ብቻውን ቢሆን ጠባብነቱ ሸራ አያሸክመውም ነበር። ስለዚህ በግራና በቀኝ በረጃጅም አግዳሚዎች ጫፍ ተንሳፋፊ ሳንቃዎች ይታሰሩለታል፤ ነፋስ ወደ አንዱ ጎን ሲገፋው የዚያ ጎን ሳንቃ ውኃውን ተደግፎ ያቆመዋል። በጠረፉ የኮራል ዐለት ውስጠኛ ክፍል ባለው ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ዓሣ ለማጥመድ የተመቸ ነው። ካያክና ንጋላዋ በአንድ ዓይነት ውኃ ላይ ስለሚሄዱ፣ ቀዛፊው ከሁሉም በላይ በቅርብ የሚያገኘው ይህንን ጀልባ ነው። ሸራም ሳንቃም የሌለው፣ በመቅዘፊያ ወይም በረዥም ምርኩዝ የሚገፋው የግንድ ታንኳ ምቱምብዊ ይባላል።

አንድን ጀልባ በአግባቡ ለመመዝገብ አንድ ምስል አይበቃም። የመጀመሪያው ከጎን፣ ከጀልባው ርዝመት ጋር ልክ ትይዩ ሆኖ የሚነሣው ነው፤ የአካሉን መስመር፣ የምሰሶውን ቦታና ዝንባሌ፣ ጀልባው ውኃ ውስጥ ምን ያህል እንደገባ ያሳያል። ይህ ምስል ከቅርብ በሰፊ ሌንስ ቢነሣ አፍንጫው ያብጣል፤ ኋላው ይሟሽሻል፤ የሚታየው መስመርም ሐሰት ይሆናል። ወደ ኋላ ራቅ ብሎ በ70 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በሚበልጥ ሌንስ ማንሣት ይሻላል። ሁለተኛው ከፊት ማዕዘን፣ ሦስተኛው ከኋላ ማዕዘን ነው። ሰው ሁሉ ወደ ካሜራው የሚመጣ አፍንጫ ስለሚወድ ከኋላ የሚነሣው ይረሳል፤ የጀልባውን ዓይነት የሚናገረው፣ የመሪውን አያያዝና የመሪ ያዡን አቀማመጥ የሚያሳየው ግን እሱ ነው። የኋላው ሳንቃ ብዙ ጊዜ የተቀረጸና ቀለም የተቀባ መሆኑ ደግሞ ሌላ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ይመጣል፤ የሳንቃ መጋጠሚያ፣ የምስማር ራስ፣ የገመድ ቋጠሮ፣ የሸራ ስፌት፣ ከምሰሶው ሥር ያለው ማሰሪያ።

የካያክ ዝቅታ በምስሉ ላይ የሚያደርገው ለውጥ በቁጥር ሊገለጽ ይችላል። የተቀመጠ ቀዛፊ ዐይን ከውኃው 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከዚያ ከፍታ የሚታየው አድማስ 3.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ግንብ ላይ ቆሞ ዐይኑ ከውኃው 5 ሜትር ከፍ ላለ ሰው ግን 8 ኪሎ ሜትር ነው። ዋናው ነገር ሌላ ነው። አድማስ በፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ የሚቆርጠው በተመልካቹ ዐይን ከፍታ ላይ ነው። ከግንቡ ሲታይ የአድማሱ መስመር በሸራው መካከል ያልፋል፤ የጀልባው አካል ከውኃው ቀለም ጋር ይደባለቃል። ከካያክ ሲታይ መስመሩ አካሉን ከሥሩ አካባቢ ይቆርጠዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው የሳንቃ ጠርዝ፣ ሰዎቹ፣ ምሰሶውና ሸራው በሙሉ በሰማዩ ላይ ጥርት ብለው ይቆማሉ። ዝቅታው ዋጋም ያስከፍላል፤ ግማሽ ሜትር የሚሆን ሞገድ በመካከል ሲገባ የጀልባውን የታች ክፍል ይሸፍናል። መፍትሔው ካያኩ በሞገዱ ጫፍ ላይ እስኪወጣ መጠበቅና በዚያች ቅጽበት ተከታታይ ምስሎችን ማንሣት ነው።

የብርሃን ጉዳይ በዚህ ጠረፍ ላይ ከሌላው ዓለም ይቀላል። ላሙ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ 2 ዲግሪ ገደማ፣ ዛንዚባር 6 ዲግሪ ገደማ ስለሆኑ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ወጥታ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። የስዋሂሊ ሰዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደ ኢትዮጵያ ከንጋት ጀምረው ነው፤ ዓሣ አጥማጅ በስዋሂሊኛ ነገ 1 ሰዓት እወጣለሁ ካለ፣ ከሐበሻ አገር የሄደ ተጓዥ ምንም ሳይደምርና ሳይቀንስ ይገናኘዋል፤ የውጭ አገር ቱሪስት ግን ብዙ ጊዜ በዚህ ይሳሳታል። ንጋቱና ምሽቱ በምድር ወገብ አካባቢ አጭር ነው። ለስላሳው ብርሃን ከወጣ በኋላ ካሜራ ማዘጋጀት የጀመረ ሰው ሳይደርስበት ያልፋል።

ቦታው ወዴት እንደሚያይ ማወቅ የቀሩትን ጥያቄዎች ይመልሳል። የላሙ ከተማ የባሕር ፊት ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ማንዳ ደሴት ያያል። ጠዋት በሁለቱ መካከል ባለው የውኃ መተላለፊያ ካያክ ላይ ሆኖ ወደ ከተማዋ ለሚያይ ሰው ፀሐይ ከጀርባው ናት፤ የታሰሩት ጃሃዚዎች፣ የጭነት አውራጆቹ ፊትና የድንጋይ ቤቶቹ ሁሉ በብርሃን ተሞልተው ይታያሉ። ከሰዓት በኋላ ያው ቦታ በጥላ ይዋጣል። ስቶን ታውን ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን የእሱ ነው። ከ3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለው ጠንካራ ፀሐይ ከላይ ስለሚወርድ ሸራን ያነጣል፤ ከባርኔጣ ሥር ያለን ፊት ያጠቁራል። ያ ጊዜ ከጥላ በታች ላሉ ነገሮች፣ ለጀልባ ሠሪ ዳሶችና ለዝርዝር ምስሎች ይሁን።

ነፋሱ ሁለት ጌቶች አሉት። ከዲሴምበር እስከ ማርች ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ካስካዚ ይባላል፤ የዓረብና የሕንድ መርከቦችን ለዘመናት ወደዚህ ያመጣቸው እሱ ነው። ከኤፕሪል ወይም ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ከደቡብ የሚመጣው ኩሲ ነው፤ መርከቦቹን ወደ አገራቸው ይመልሳቸው ነበር። ኩሲ ብርቱ ነው፤ ባሕሩንም ያስነሣል። በመጀመሪያዎቹ ወራቱ ከባድ ዝናብ ይመጣል። ለካያክ ተጓዥ የካስካዚ ወራት ይሻላሉ፤ በተለይ ጠዋት ነፋሱ ገና ሳይበረታ። ከዋናው ምድር እስከ ዛንዚባር ያለው ወሽመጥ ግን ቢያንስ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ስላለው በየትኛውም ወር ለለማጅ ቀዛፊ የሚሆን አይደለም፤ እሱን በመርከብ ተሻግሮ ካያኩን ከማዶ መከራየት ይገባል።

ከነፋሱ ይልቅ የፎቶግራፍ አንሺውን ቀን የሚወስነው የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ስድስት ሰዓት ያህል አለ። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ልዩነቱ ከፍ ይላል፤ በዛንዚባር ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። ሙላት ለጉዞ ነው፤ በማንዳ ደሴትና በዋናው ምድር መካከል ያለውን በማንግሮቭ የታጠረ ጠባብ መተላለፊያ የመሳሰሉ ቦታዎች የሚታለፉት ያኔ ነው፤ ጉድለት ሲደርስ እዚያ ውስጥ የተገኘ ካያክ ጭቃ ላይ ይቀመጣል።

ጉድለት ለፎቶግራፍ ነው። ባሕረኞች ጀልባቸውን ሆን ብለው በሙላት ጊዜ ዳርቻው ላይ ያወጡትና ውኃው ሲሸሽ በጎኑ ያጋድሙታል። በውኃ ውስጥ ተደብቆ የነበረው ሆድ፣ ከታች ያለው ዋና ግንድ፣ የመሪው ማጠፊያ፣ ሁሉም ይገለጣል። የተለጠፈውን ዛጎልና አረም ይፍቃሉ። እንጨት የሚበላውን ትል ለመግደል የዘንባባ ቅጠል ለኩሰው ሆዱን ይለበልባሉ፤ ከዚያ ስብና ኖራ ቀላቅለው ይቀቡታል። በሳንቃዎቹ መካከል ዘይት የጠጣ ጥጥ በመዶሻ ይጠቀጥቃሉ። ውኃው እስኪመለስ ያላቸው ጊዜ አጭር ስለሆነ በጥድፊያ ይሠራሉ። በዚህ ጠረፍ ላይ ከሚነሡ ምስሎች ሁሉ ትልቁን ዕውቀት የያዙት የእነዚህ ጥቂት ሰዓታት ምስሎች ናቸው፤ ሸራውን ከነፋ ጀልባ በፊት ሊታሰብባቸው ይገባል። ካያኩን ዳርቻው ላይ አሳርፎ መቅዘፊያውን ከጀልባው አጠገብ ማጋደም ጥሩ ልማድ ነው፤ የመቅዘፊያው ርዝመት ስለሚታወቅ፣ ብዙውን ጊዜ 220 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ በምስሉ ላይ ያለው ሳንቃ ሁሉ በእሱ ሊለካ ይችላል።

የጀልባ ሥራ መንደሮችም ከባሕር በኩል በቀላሉ ይደረስባቸዋል። በላሙ ደሴት ማቶንዶኒ፣ በዛንዚባር ሰሜናዊ ጫፍ ኑንግዊ በዚህ የታወቁ ናቸው። ሠሪዎቹ በወረቀት ንድፍ አይመሩም፤ ልኩ በዐይናቸው ነው። ለጎድን አጥንቱ የሚሆነውን እንጨት የሚመርጡት በተፈጥሮው ከታጠፈ ቅርንጫፍ ነው፤ ቀዳዳውን የሚበሱት ቀስት በሚመስል እንጨትና ገመድ በሚሽከረከር መሰርሰሪያ ነው። እዚህ የሚያስፈልገው ቅደም ተከተል ነው፤ ያው ሰው ያንኑ ሳንቃ ሲመርጥ፣ ሲጠርብ፣ ሲገጥምና ሲመታ የሚያሳዩ ተከታታይ ምስሎች ከአንድ ውብ የፊት ምስል ይበልጣሉ።

በባሕር ላይ ወዳለ ጀልባ ሲቀረብ የፍጥነቱ ልዩነት መታወስ አለበት። ካያክ በሰዓት 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ጃሃዚ መልካም ነፋስ ካገኘ ከዚያ እጥፍና ከዚያም በላይ ይፈጥናል። ተከትሎ መድረስ አይቻልም። የሚያልፍበትን መንገድ አስቀድሞ ገምቶ ከመንገዱ ወጣ ብሎ መጠበቅ ያስፈልጋል። የሚጠበቀውም ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ነው፤ ምክንያቱ ሁለት ነው። ትልቁ ሸራ ወደ ሌላው ጎን ስለሚነፋ መሪ ያዡ በዚያ በኩል ያለውን ውኃ አያይም፤ ትንሽ ካያክ እዚያ ቢገኝ ጀልባው ሊገጨው ይችላል። ደግሞም ጀልባው እንዳይጋደል ባሕረኞቹ የሚቀመጡት ነፋሱ በሚመጣበት ጠርዝ ላይ ነው፤ የሸራው ጎድጓዳ ገጽም ወደዚያው ያያል፤ ሥራው ሁሉ የሚታየው ከዚያ ነው። ጀልባው አቅጣጫ ሲቀይር ኋላውን ወደ ነፋሱ ያዞራል፤ ባሕረኞቹ ረዥሙን ሰያፍ እንጨት ከምሰሶው ፊት አሽከርክረው ወደ ሌላው ጎን ይወስዱታል። ለካሜራ ከዚህ የበለጠ ቅጽበት የለም፤ ሸራው ሲወራጭ፣ ገመድ ሁሉ ሲላላ፣ ሰው ሁሉ ሲጮኽ ነው። ጀልባው ወዴት እንደሚወጣ በእርግጥ የማይታወቅበት ቅጽበት ስለሆነ ግን ከሩቅ፣ በረዥም ሌንስ መነሣት አለበት።

የነፍስ አድን ጃኬት ሁልጊዜ ይለበሳል፤ ፎቶ ለማንሣት ያስቸግራል ተብሎ አይወልቅም። መቅዘፊያው በገመድ ከካያኩ ጋር ይታሰራል፤ እጅ ካሜራ ሲይዝ መቅዘፊያ የሚጠፋው ያኔ ነውና። የካያኩ አፍንጫ ወደ ሞገዱ ዞሮ መቆየት ይኖርበታል፤ ሞገድ ከጎን የመጣበትና ዐይኑን ካሜራው ላይ የተከለ ቀዛፊ በቀላሉ ይገለበጣል። ከማታ በፊት ወደ ዳርቻ መመለስ፣ ካልሆነም ነጭ መብራት ለእጅ ቅርብ አድርጎ መያዝ ግዴታ ነው።

ካሜራውን የሚገድለው ከውኃው ይልቅ ጨው ነው። አፉ ተጠቅልሎ የሚዘጋ ውኃ የማያስገባ ከረጢት ከጉልበት መካከል ይቀመጣል፤ ካሜራው የሚወጣው ለማንሣት ብቻ ነው። ሌንስ ላይ የደረቀ የጨው ጠብታ በደረቅ ጨርቅ ቢጠረግ ይፍቀዋል፤ መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ የራሰ ጨርቅ፣ ቀጥሎ ደረቁ። ማታ ማታ የካሜራው አካል በንጹሕ ውኃ በራሰ ጨርቅ ይጠረጋል። አየር ማቀዝቀዣ ባለው ክፍል ያደረ ካሜራ ወደ ሞቃቱ የባሕር አየር ሲወጣ ሌንሱ ላይ ጤዛ ስለሚይዝ በተዘጋ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ቀስ ብሎ እንዲሞቅ መተው ይገባል። ስልክ ለሚጠቀም፣ ውኃ አያስገባም የሚለው የፋብሪካ ደረጃ በንጹሕ ውኃ የተፈተነ እንጂ በባሕር ውኃ አለመሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። በራሰ ጣት የስልክ መስታወት አይታዘዝም፤ ብዙ ስልኮች ድምፅ በሚጨምረው ቁልፍ ፎቶ ስለሚያነሡ በእሱ መጠቀም ይቻላል።

ካያክ ዘወትር ስለሚናወጥ የመዝጊያው ፍጥነት ከ1/500 ሰከንድ መውረድ የለበትም፤ ነፋስ ካለ 1/1000 ይሻላል። ነጭ ሸራ ምስሉን ሲሞላ ካሜራው ብርሃኑ የበዛ መስሎት ያጨልመዋል፤ ያኔ ብርሃን መጨመር ያስፈልጋል። ሸራው ትንሽ ሆኖ ከጀርባው ጥቁር የማንግሮቭ ደን ሲኖር ግን ተቃራኒው ይሆናል፤ ሸራው ነጥቶ ስፌቱ ሁሉ ስለሚጠፋ ብርሃን ይቀነሳል። ፖላራይዘር የሚባለው ማጣሪያ የውኃውን ነጸብራቅ ይቀንሳል፤ ከሥር ያለውን ኮራልና የጀልባውን የታች ክፍል ያሳያል። ውኃውን በሰያፍ ሲያዩት ኃይሉ ይበረታል። ነጸብራቁን ጨርሶ ማጥፋት ግን ጀልባው አየር ላይ የተንሳፈፈ ያስመስለዋል፤ ጥቂት መተው ይበጃል።

ጀልባ ላይ ያለው ሰው ፈቃዱ ይጠየቃል። የስዋሂሊ ጠረፍ ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ሰላምታ ሳይሰጡ ካሜራ ማንሣት ነውር ነው፤ በሶላት ሰዓትና በረመዳን ቀን ልዩ ጥንቃቄ ያሻል። በጉድለት ጊዜ የባሕር አረም የሚሰበስቡ ሴቶችን ሳያስፈቅዱ ማንሣት አይገባም። ካያክ ድምፅ ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ሊጠጋ ይችላል፤ ስለዚህ ከሩቅ ድምፅ አሰምቶ፣ እጅ አንሥቶ መቅረብ የቀዛፊው ኃላፊነት ነው። ስለ ወደቦችና ስለ ጸጥታ ኃይሎች ጀልባዎች የየአገሩን ሕግ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሮጌውን ብቻ መፈለግም ስሕተት ነው። ከጃሃዚዎቹ ብዙዎቹ ዛሬ ሞተር ተገጥሞላቸዋል፤ ከፋይበርግላስ የተሠሩ ጀልባዎችም በየወደቡ በዝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በላሙ ውኃ ላይ የወረደችው ፍሊፕፍሎፒ 9 ሜትር ያህል የምትረዝም፣ ከተጣለ ፕላስቲክ ተቀልጦ በተሠራ ሳንቃ የተገነባች የሸራ ጀልባ ናት፤ ጎኗ በ30,000 ያህል አሮጌ ነጠላ ጫማዎች የተለበጠ ነው። የገነቧት በባህላዊው ሙያ የሠለጠኑ የላሙ አናጢዎች ናቸው። በ2019 መጀመሪያ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ተጉዛ ዛንዚባር ደረሰች። አሮጌ ሙያ አዲስ ነገር ሲይዝ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ጀልባ፣ የእንጨቱን ያህል በጥንቃቄ መመዝገብ አለበት።

ይህ ሁሉ አሠራር ለጣና ሐይቅም ይሆናል። ከደንገል የሚታሰረው የጣና ታንኳ ውኃ እየጠጣ በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ውስጥ ስለሚያረጅ፣ ከታንኳው ዕድሜ የሚረዝመው የአስተሳሰሩ ዕውቀት ነው። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 ራ በተባለው የደንገል ጀልባ አትላንቲክን ለመሻገር ሲነሣ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነበር። ሐይቁ ሙላትና ጉድለት ስለሌለው፣ ጨውም ስለሌለበት፣ ለካሜራም ለለማጅ ቀዛፊም ከባሕሩ ይልቅ የዋህ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን ነፋስ ግን መፍራት ይገባል።

ምስሉ ያለ ጽሑፍ ግማሽ ነው። ከእያንዳንዱ ጀልባ ጋር የጀልባው ስም፣ ዓይነቱ፣ የተሠራበት መንደር፣ የሠሪው ስም እሱ ከፈቀደ፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ ርዝመቱ፣ የሚሠራው ሥራና የተነሣበት ቀንና ቦታ ይጻፋል። የካሜራው ሰዓትና ቀን ከጉዞው በፊት ይስተካከላል፤ ከወራት በኋላ ሙላትና ጉድለቱን ማስላት የሚቻለው ሰዓቱ ትክክል ከሆነ ብቻ ነው። ማታ ማታ ምስሎቹ ወደ ሁለት የተለያዩ ማስቀመጫዎች ይገለበጣሉ፤ አንዱ ከካያኩ ጋር፣ ሌላው ዳርቻ ላይ ይቀራል። የታተመ ቅጂ ለጀልባው ባለቤትና ለሠሪው ሲሰጥ ብዙ ጊዜ እርማት ይመጣል፤ ሳንቃው ከዚህኛው ዛፍ ነው፣ ይህ ቋጠሮ የሚታሰረው በዚህ በኩል ነው ይላሉ። እርማቱ በዚያው ቀን ከምስሉ ሥር ይጻፋል።